በሶብላዬን ፍሪጅ ገደለብኝ፦ ትኩስ የቅመም ቅጠሎችን ከብርድ የማዳኛ ዝርዝር መመሪያ

አምና በጥቅምት ለበርበሬ ዝግጅት ብዬ ከሸዋ ሮቢት ስድስት ትልልቅ እስር በሶብላ ይዤ መጣሁ። መኪናው ውስጥ ሽታው ብቻውን ያጠግብ ነበር። ደብረ ብርሃን ስገባ መሽቷል፤ ደክሞኛል። «እስክንደልዝ ድረስ እዚህ ይቆይ» ብዬ በፌስታሉ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። በማግስቱ ልታግዘኝ የነበረችው እህቴ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ፌስታሉን ስፈታ ያገኘሁት ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከጀበና ስር የቀረ አተላ የሚመስል ነገር ነው።

ፍሪጁን ረገምኩ። ሻጯንም በሆዴ አማኋት። ጎረቤቴ እትዬ ግን አንዱን ቅጠል በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩና ሳቁብኝ። «ምነው እቴ፣ የቆላ ልጅ ደጋ አምጥተሽ ብርድ ልብስ ሳታለብሺው?» አሉኝ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆኖ ይህን መስማት ያሳፍራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ በሶብላ አበላሽቼ፣ ብዙም አትርፌ፣ አሁን ነገሩ ገብቶኛል። ፍሪጅ ለሁሉም ቅጠል መድኃኒት አይደለም። ለአንዳንዱ መኖሪያ ነው፤ ለአንዳንዱ መቀበሪያ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

መጀመሪያ፣ ምን እንደመታው ለዩ

ቅጠል ሲበላሽ ሁላችንም «በሰበሰ» እንላለን። ግን አራት ዓይነት ጥፋት አለ፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ብርድ የመታው ቅጠል መጀመሪያ ላይ ከደም ሥሮቹ አጠገብ ወይም ከጠርዙ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ነጠብጣቡ ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል። አታላይ ጠባይም አለው። ፍሪጅ ውስጥ እያለ ደህና ይመስላችኋል። አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት፣ ሙቀት ሲያገኝ፣ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። ስለዚህ «ከፍሪጅ ሳወጣው አረንጓዴ ነበር፤ ሙቀቱ ነው ያበላሸው» የሚል ሰው ጥፋተኛውን ስቷል።

በረዶ የሆነ ቅጠል ሌላ ነው። እሱ ውሃ የዘለቀው ወረቀት ይመስላል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሲቀልጥ ይሟሽሻል። ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ የፍሪጁን የኋላ ግድግዳ ሲነካ ነው።

ቢጫ ከሆነ እርጅና ነው፤ ወይም ከፍራፍሬ ጋር ተቀምጧል። የሚያዳልጥ ልጋግ ካወጣና ከሸተተ ደግሞ ርጥበት በዝቶበት እውነትም በስብሷል።

ብርድ ለምን ያጠቁረዋል?

ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በኅዳር ጠዋት ቅቤ ከዕቃው ለማውጣት ማንኪያ ታጣምማላችሁ። ዘይቱ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ይፈሳል። ሁለቱም ስብ ናቸው። አንዱ በብርድ ይደርቃል፣ አንዱ አይደርቅም።

የቅጠል ሕዋስ የተሸፈነበት ስስ ሽፋንም ከስብ የተሠራ ነው። የቆላ ተክል ሽፋን እንደ ቅቤው ነው፤ ብርድ ሲነካው ይገረራል፣ ከዚያ ያፈሳል። ተለያይተው በየክፍላቸው የነበሩ ነገሮች ይቀላቀሉና አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። የተላጠ ድንች ውሃ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር የሚጠቁረው በዚሁ መንገድ ነው። የደጋ ተክል ሽፋን ግን እንደ ዘይቱ ነው። ይበርደዋል እንጂ አይሰበርም።

ልብ በሉ፤ በሶብላ በብርድ እንዲጎዳ የግድ በረዶ መሆን የለበትም። ከ10 ዲግሪ በታች መጎዳት ይጀምራል። የቤት ፍሪጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያ ሁለት ሦስት ቀን በቂው ነው። ወደ 0 በተጠጋ ቦታ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። 12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ግን አሥር ቀን ገደማ ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ቅጠሎቹን በሁለት ክፈሉ

ገበያ ደርሳችሁ ስትመለሱ ሁሉንም በአንድ ፌስታል አትተዉ። በሶብላን ለብቻ አውጡ። እሱ 12 እስከ 15 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ አይገባም።

ሌሎቹ ብርድ ይችላሉ። ናና፣ የድንብላል ቅጠል፣ ፐርሰሊ፣ የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ፣ ጦስኝ፣ ሁሉም ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ጦስኝማ ራሱ የደጋ ተራራ ልጅ ነው። በመንዝና በጣርማ በር ከፍታ ውርጭ እየወረደበት የሚበቅል ቅጠል ፍሪጅ አያስፈራውም።

በአጭሩ ስትጠራጠሩ ተክሉ የት እንደሚበቅል ጠይቁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። በመሃላቸው መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው ያለው። ለሰው ሹራብ መደረብ ነው፤ ለበሶብላ ሌላ አገር ነው።

ደረጃ 2፦ ቤታችሁን ለኩ

ቴርሞሜትር ግዙ። የሰው ትኩሳት መለኪያው አይሆንም፤ የክፍል ሙቀት የሚለካው ነው የሚያስፈልገው። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ማንም በሩን ሳይከፍት አንብቡ። አየሩን ከለካችሁ በር በተከፈተ ቁጥር ቁጥሩ ይዘላል፤ ውሃው ግን እውነቱን ይናገራል። አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከታች የአትክልት መሳቢያው ውስጥ፣ አንዴ በሩ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ያስገርማችኋል።

ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ሲኒ ውሃ ከኋላ ግድግዳው አስጠግታችሁ አሳድሩ። ጠዋት ላዩ ላይ ስስ በረዶ ካገኛችሁ ብርዱ እንዲቀንስ ማዞሪያውን መልሱ። እዚያ ቦታ ምንም ዓይነት ቅጠል አታስቀምጡ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያስበው ነገር። ኩሽናችሁንም ለኩ። የእኔ የሲሚንቶ ኩሽና በኅዳር ንጋት ላይ 7 ዲግሪ ሲያሳየኝ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ማለትም በሶብላውን «ፍሪጅ አላስገባውም» ብዬ ኩሽና ውስጥ ባሳድረውም ያው ፍሪጅ ነው። ለአዲስ አበባ ወይም ለሞቃት አገር የተጻፈ ምክር «ውጭ አስቀምጡት» ይልና ያበቃል። እዚህ ደጋ ላይ አያበቃም።

ደረጃ 3፦ አገዛዝና ጉዞ

ራሳችሁ የምትቀጥፉ ከሆነ ለበሶብላ አመሻሽ ይሻላል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት አካባቢ። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ስኳር ያጠራቅማል፤ ሌሊቱን ሲተነፍስ ያድርና ያንን ይጨርሰዋል። በጥናትም አመሻሽ የተቀጠፈው ንጋት ላይ ከተቀጠፈው በልጦ እንደሚቆይ ታይቷል። ግን አመሻሽ ተቀጥፎ ፍሪጅ ከገባ ትርፉ የለም።

ከገበያ ስትገዙ እስሩን ፍቱና መሃሉን እዩ። ላዩ ሁሌም ያምራል። መሃሉ ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ወይም ግንዱ ከታች ከጠቆረ፣ ተዉት። ውሃ ተረጭቶበት የሚያብረቀርቅም አይማርካችሁ።

ከዚያ ጉዞው አለ። ሸዋ ሮቢት ላይ ጠላታችሁ ሙቀት ነው፤ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማ በር ላይ ስትወጡ ጠላታችሁ ይቀየራል። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ በሶብላ ንፋሱ ያደርቀዋል፣ ብርዱ ያጠቁረዋል፤ ሁለቱንም በአንድ መንገድ። ሳጥን ካርቶን ፈልጉ፣ ውስጡን ጋዜጣ አልብሱት፣ እስሮቹን ሳትጫኑ አጋድሙ፣ ከእናንተ ጋር ውስጥ ይጓዝ። የግንዱን ጫፍ ብቻ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። በረዶ የሆነ ሃይላንድ «ይቀዘቅዝለት» ብላችሁ አጠገቡ አታድርጉ። የነካው ቅጠል ማታ ይጠቁራል።

ማንጎና ሙዝም እዚያው ካርቶን ውስጥ አይግባ። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ደረጃ 4፦ በሶብላውን እንደ አበባ አስቀምጡ

ይህን ደረጃ ቀስ ብዬ ልናገር፤ ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው።

ቤት እንደገባችሁ አትጠቡት። እርጥብ ቅጠል ይበሰብሳል። እስሩን ፍቱት፤ የታሰረበት ቦታ ሁሌም ቀድሞ ይጠቁራል። የጠቆሩትንና የተቀጠቀጡትን አንድ በአንድ ልቀሙ። ስስት አይያዛችሁ፤ አንድ የበሰበሰ ቅጠል ጎረቤቱን ይጎትታል።

የመርመላታ ጠርሙስ አጥባችሁ ሦስት ጣት ያህል ውሃ አድርጉበት። ውሃው ከጉድጓድ ወይም ከቧንቧ በቀጥታ የመጣ ከሆነ እጅ ያስደነግጣል፤ ቤት ውስጥ ትንሽ ይቀመጥ፣ ይለዝብ። የእያንዳንዱን ግንድ ጫፍ በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጋችሁ አንድ ጣት ያህል ቁረጡ። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል። ውሃ የሚነካውን ቅጠል በሙሉ አንሱ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል በሁለት ቀን ውሃውን ያገማዋል። ከዚያ ሳታጨናንቁ ጠርሙሱ ውስጥ አቁሙት።

በላዩ ላይ ፌስታል ገልብጡበት፤ ግን ከስር አትሰሩት። ርጥበቱን ይይዛል፣ ትንፋሹንም ያስወጣል። ፌስታሉ ውስጥ ጠል ከተጠራቀመ አራግፉት። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ፤ በለወጣችሁ ቁጥር ጫፉን ቁረጡ። ሳምንት አልፎት ከታች ነጭ ሥር ያወጣ እንደሆነ አትደነቁ። ያኔ አፈር ውስጥ ትከሉት፤ በነጻ ተክል አገኛችሁ።

ደረጃ 5፦ የሌሊት ካርቶን

ቀን ቀን የደብረ ብርሃን ሳሎን ለበሶብላ ይስማማዋል። ችግሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ነው። በመስኮት ደፍ ላይ አታሳድሩት፤ መስታወቱ ከክፍሉ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሲሚንቶ ወለል ላይም አታስቀምጡ።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ማታ ጠርሙሱን ካርቶን ውስጥ አስገባለሁ። ከስር የታጠፈ ጋዜጣ፣ በጎን አሮጌ ጋቢ። ክዳኑን ገርበብ አደርገዋለሁ። ካርቶኑን ከቤቱ መሃል ባለ ግድግዳ አስጠግቼ ከጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። እንጀራ የተጋገረ ዕለት ከምጣዱ ክፍል አጠገብ፤ ጭስ በማይደርስበት። ጠዋት አወጣዋለሁ። ቴርሞሜትሩን አንድ ሌሊት አብሬው አሳድሬው ነበር፤ ካርቶኑ ውስጥ 12 አነበብኩ። ጋቢው ደሞዙን ሠራ።

ሳሎናችሁ በጣም ሙቅ ከሆነስ? ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ያላችሁ ማለቴ ነው። እናንተ ተቃራኒውን ነው የምትፈልጉት። ጥላ፣ ንፋስ የሚነካው ጥግ፣ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሸክላ ዕቃ። ውሃው ከጨርቁ ሲተን ያቀዘቅዛል።

የግድ ፍሪጅ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። እንግዲያው በአንድ ጊዜ ከሙቀት ወደ ብርድ አትወርውሩት። መጀመሪያ አንድ ቀን 10 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ይልመድ። ልማዱ ጥቂት ቀን ይጨምርለታል። ከዚያ በሶፍት፣ ቀጥሎ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በሩ ላይ ካለው የላይኛው መደርደሪያ አስቀምጡ። እዚያ ከሌላው ቦታ ትንሽ ይሞቃል። ከሁለት ቀን በላይ ግን አትመኑት።

ደረጃ 6፦ ብርድ የሚወዱት

እነዚህ ብዙ አያስቸግሩም። ሮዝመሪና ጦስኝ ጠንካራ ናቸው። በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ መሳቢያው ውስጥ አስገቡ። ጨርቁ መርጠብ እንጂ መንጠባጠብ የለበትም።

ናና፣ ፐርሰሊና የድንብላል ቅጠል ስስ ናቸው። የምትጠቡ ከሆነ አጥባችሁ በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ እስኪደርቁ ጠብቁ። መጠበቅ ካልቻላችሁ አትጠቡ። እንደ በሶብላው ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ አቁሟቸው፣ ፌስታል ገልብጡባቸው፣ ግን እነዚህን ፍሪጅ አስገቧቸው። ከኋላ ግድግዳው አርቁ። መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ፌስታሉን በመርፌ አራት አምስት ቦታ ብሱት።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ሲመጣ ግን ፌስታሉን ፈትሹ። ሞቆ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጠል ይሠራል፤ ልጋጉን የሚያመጣው ያ ነው። ሶፍቱን ቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ሙዙን አርቁ

የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። ጋዙ አይታይም፤ ቅጠሉን ግን ያስረጀዋል። ፐርሰሊና ናና ቢጫ ይሆናሉ፤ በሶብላም ቅጠሉን ያረግፋል። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ማንጎና ፓፓያ ሳይዝ አይመጣም። ሁለቱን በተለያየ ዘንቢል ያዙ፤ ቤትም ለየብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ የማይደርስበትን ቀድሞ ማዳን

አሥር ቀን ውስጥ እንደማትጨርሱት ካወቃችሁ ትኩስ እያለ መላ ምቱ። ከጠቆረ በኋላ መላ የለውም።

ለወጥና ለድልህ የሚሆነውን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ቅጠሉን በሚፈላ ውሃ ውስጥ 10 ሰከንድ ነከር፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመር። ሙቀቱ የሚያጠቁረውን ነገር ይገድለዋል፤ ስለዚህ አረንጓዴው ይቀራል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እኔ እስከ 15 ሰከንድ እቆያለሁ። ጨምቃችሁ፣ ከትፋችሁ፣ በትንሽ ዘይት ለውሳችሁ በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ውስጥ ሙሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትኩስ ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። ሽታም ጣዕምም ላይለውጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ በ4 ቀን ጨርሱት፤ ካልሆነ ፍሪዘር ይግባ።

ማድረቁን ለናንተ አላስተምርም። ጥላ፣ ንፋስ፣ በየቀኑ ማገላበጥ። በእጅ ስትጨብጡት ሳይፈረፈር ዕቃ ውስጥ አትክተቱ፤ ይሻግታል።

ጓሮ የተከላችሁ ደግሞ ከኅዳር በፊት ቀድማችሁ ቅጠፉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋስ የሌለበት ማታ ውርጭ ይመጣል። ያን ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዳበሪያ ከረጢት በአራት እንጨት ላይ ዘርጉበት። ከረጢቱ ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡት። በቆርቆሮ የተከላችሁት ከሆነ ግን ተሸክማችሁ ቤት አስገቡት፤ የሚቀለው እሱ ነው።

የጠቆረው ምን ይሆናል?

ብርድ ብቻ የመታው ቅጠል መርዝ አይሆንም። ሽታው ግን ሄዷል። ልጋግ ካላወጣ አረንጓዴ የቀረውን ለቅማችሁ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ልጋግ ያወጣውን ጣሉ።

እኔም ያን ዕለት ከስድስቱ እስር መሃል መሃሉን ለቅሜ አንድ እፍኝ የማትሞላ አገኘሁ፤ እሷ ድልዙ ውስጥ ገባች። የቀረውን እትዬ «ለበጎቹ ይሁን» ብለው ወሰዱት። የመንዝ በግ የማይበላው ነገር የለም ሲባል ነበር የማውቀው። አሽትተውት ፊታቸውን አዞሩ።